«ልጄ ሐበሻ ነው፤ የጥቁር ልጆች ቡድን ውስጥ ምን ይሠራል?»

የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። በጥቂቱ አሳጥረነዋል።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። እዚሁ አሜሪካ የተወለደ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። ሆዴን አመመኝ፣ ራሴን አመመኝ ይላል፤ ሐኪም ጋ ወስጄው ምንም የለበትም አሉኝ። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ደወለችልኝ። ለተማሪዎች በተሰጠ መጠይቅ ላይ ‹ባልኖር ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ› የሚለውን መርጧል አለችኝ። አነጋግረውታል፤ ለዛሬ የሚያሰጋ ነገር አላየንም ብላኛለች። ለጥቁር ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚሰበሰብ የቡድን ሕክምና ስላለ እንዲገባ ፈርሚ ብላ ፎርም ላከችልኝ። ባለቤቴ በፍጹም አይሆንም አለ። ‹ልጄ ሐበሻ ነው፤ የእነሱ ችግር የእኛ ችግር አይደለም። እብድ የሚል ፋይል ይከፈትበታል። ጸበል ይወሰድ› ይላል። እኔ ደግሞ ሌሎች ልጆች ስለ ሞት ሲያወሩ እየሰማ እንዳይብስበት ፈራሁ። ሰው ቢሰማስ? ልጁን ስጠይቀው ‹አይ ዶንት ኬር› ብሎኝ ይገባል። ልፈርም ወይስ ልተወው?»

ውድ እህቴ፣

ፈርሚ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ከልጅሽ ጋር ተቀመጪ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት አንቺና ባለቤትሽ ስለ ፎርሙ ተከራክራችኋል፤ ልጁን ግን ስለ ራሱ በቀጥታ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም። «ቡድኑ ውስጥ መግባት ትፈልጋለህ?» ብትዪው «አይ ዶንት ኬር» ቢልሽ አይግረምሽ። ዋናው ጥያቄ ገና አልተነሳም።

ስትጠይቂው አታድበስብሺው። «ደህና ነህ?» ካልሽው «ደህና ነኝ» ነው የሚልሽ። «መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቂው። አማርኛው ከከበደው በሚቀለው ቋንቋ ይመልስልሽ። ብዙ ወላጅ ይህን ጥያቄ የሚሸሸው «ያላሰበውን እንዳላሳስበው» ብሎ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት በኒውዮርክ ግዛት በ6 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2,300 በላይ ተማሪዎችን ይዞ ነበር። ለአንደኛው ወገን ስለ ራስ ማጥፋት የሚጠይቁ ጥያቄዎች ቀረቡ፤ ለሌላኛው አልቀረቡም። የተጠየቁት ልጆች ጭንቀትም ሆነ ራስን የማጥፋት ሐሳብ አልባሰም። እንዲያውም ድብርት የነበረባቸውና ከዚያ በፊት ሞክረው የሚያውቁ ልጆች በመጠየቃቸው ቀለል ያላቸው ይመስል ነበር።

«አዎ» ካለሽ ከባዱ ሥራ አፍን መያዝ ነው። ወዲያው የሚመጣብሽን አውቀዋለሁ። «ሌሊቱን ቆሜ የማድረው ለማን ብዬ ነው?» «ምን ጎደለህ?» «እግዚአብሔርን አትፈራም?» እነዚህ ቃላት ከፍቅርና ከድንጋጤ ነው የሚወጡት። ለልጁ ግን ሌላ ነው የሚሰሙት። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብን ሰው ብዙ ጊዜ ውስጡን የሚበላው «ለቤተሰቤ ሸክም ነኝ» የሚል ሐሳብ ነው። «ለአንተ ብዬ ነው የምደክመው» ስትዪው ሸክም መሆኑን ያረጋገጥሽለት ይመስለዋል። ይልቅ «ስለነገርከኝ ተመስገን። አልተቆጣሁህም። ከዚህ በኋላ ብቻህን አትሸከመውም» በይው። ሌላው ነገር ሁሉ ይቆይ። ቢያለቅስ አቅፈሽው ዝም በይ።

እንዴት ወይም መቼ እንደሚያደርገው አስቦ እንደሆነም ጠይቂው። አስቤያለሁ ካለሽ ለብቻው አትተዪው። 988 ደውዪ። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ፣ ቀንም ሌሊትም የሚመልስ ነፃ መስመር ነው። ልጁ ማውራት ካልፈለገ በዚያው ቁጥር ቴክስት ማድረግ ይችላል። አንቺም «አማርኛ» ብለሽ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ። ነገሩ የደቂቃዎች ከሆነ በቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው ወይም 911 ደውዪ፤ ከደወልሽ የአእምሮ ጤና ችግር መሆኑን ከመጀመሪያው ቃል ተናገሪ። ምንም ባይልሽ እንኳን ቤት ውስጥ ያለው መድኃኒት ሁሉ ተቆልፎ ይቀመጥ። መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ። እንዲህ ያለው ሐሳብ እንደ ማዕበል ድንገት ከፍ ብሎ መልሶ የሚወርድ ነው፤ ከፍ ባለበት ሰዓት የሚጎዳ ነገር እጅ ላይ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የእሱ ሐሳብ ነው።

ልጄ ሐበሻ ነው ሲል እውነቱን ነው። ልጁ ቤት ውስጥ ሐበሻ ነው። ከበር ሲወጣ ግን ማንም የትውልድ ሐረግ አይጠይቀውም። ሱቅ ውስጥ በዓይኑ የሚከተለው ጠባቂ፣ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ፣ «ጠባዩ አስቸጋሪ ነው» ብሎ ወደ ቢሮ የሚልከው አስተማሪ የሚያዩት አንድ ጥቁር ጎረምሳ ነው። ባለቤትሽ እዚህ አገር የገባው ማንነቱ አገር ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ይመስለኛል። ሲንቁት «እነዚህ መቼ ያውቁኛል» ብሎ ያልፋል፤ የሚመለስበት ሌላ መስተዋት አለው። ልጁ ግን ማንነቱን የሚሠራው እዚያው ንቀቱ መሃል ነው። የአባቱ ጋሻ የለውም።

በየቤታችን ደግሞ የምናውቀው ሌላ ነገር አለ። ቡና ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ምን እንደሚባል ሁላችንም ሰምተናል። ሰነፍ ናቸው፣ ወንጀለኛ ናቸው፣ ከእነሱ ጋር እንዳላይህ። የአንቺ ቤት እንዲህ ነው አላልኩም፤ ልጁ ግን አንዱ ዘመድ ቤት ሳይሰማው አልቀረም። ውጭ ጥቁር በመሆኑ ይጠረጠራል። ቤት ሲገባ ጥቁርነት ይሰደባል። አንዳንዴም ጥቁር ተማሪዎቹ ራሳቸው «አንተ አፍሪካዊ» ብለው ያገሉታል። ይህን ለማን ይናገር? ለእናንተ ቢናገር «አንተ ከእነሱ ምን አገናኘህ» ትሉታላችሁ ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ይላል። ካውንስለሯ የጠራችበት ቡድን ይህንን የሚናገርበት ቦታ ሊሆነው ይችላል።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር አስታውሺልኝ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ሊወረን ሲዘጋጅ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ሊያገለግል የመጣው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ለእኛ ወገኖች የአሜሪካን በር የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው ጥቁር አሜሪካውያን ደማቸውን ባፈሰሱበት የሲቪል መብት ትግል ዘመን ነው። «የእነሱ ችግር የእኛ አይደለም» ለማለት የሚያስችል ታሪክ የለንም። እነሱ የእኛን ችግር የራሳቸው አድርገው ያውቃሉ።

ቁጥሮቹም ችላ የሚባሉ አይደሉም። ለረጅም ጊዜ ራስን ማጥፋት የነጮች ችግር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ በሐኪሞችም ዘንድ ጭምር። ነገር ግን በ1991 እና በ2017 መካከል ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረናል ያሉ ጥቁር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ73 በመቶ ጨምረዋል። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ከ5 እስከ 12 ዓመት ባሉ ጥቁር ሕፃናት ላይ ራስን የማጥፋት ሞት ከነጭ እኩዮቻቸው እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። የአሜሪካ ኮንግረስ አባሏ ቦኒ ዋትሰን ኮልማን የመሩት ግብረ ኃይል በ2019 መጨረሻ ላይ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው ብሎ ሪፖርት ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ «ጥቁር» ተብለው ከተቆጠሩት መካከል የእኛም ልጆች አሉ።

ልጅሽ ይቆጣል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ክፍሉን ይዘጋል ብለሻል። ድብርት ሁልጊዜ በለቅሶና በሐዘን አይመጣም። በጎረምሶች ላይ ብዙ ጊዜ በንዴት፣ በራስ ምታትና በሆድ ሕመም፣ በእንቅልፍ መዛባት ነው የሚታየው። የነጭ ልጅ ንዴት «ምን ሆኖ ይሆን?» ሲያስብል የጥቁር ልጅ ንዴት ቅጣት ያስከትላል፤ እየታገደ፣ እየተወቀሰ ሕመሙ ሳይታይ ያልፋል። የአንቺ ልጅ በመጠይቁ ላይ እውነቱን መርጧል፤ ካውንስለሯም አይታ ደወለች። ይህ ሁሉም ልጅ የማያገኘው ዕድል ነው። ልጅሽ እኮ በራሱ መንገድ ተናግሯል።

የቡድን ሕክምና ሲባል ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ፍርሃትሽ ግማሹ ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። የትምህርት ቤቱን ቡድን አላየሁትም። በዓይነቱ በደንብ የተጠናውን ግን ልንገርሽ። መነሻው ኦሪገን ውስጥ ግሬግ ክላርክና ፒተር ሉዊንሰን ለወጣቶች ያዘጋጁት፣ ጭንቀትን መቋቋም የሚያስተምር ኮርስ ነው። በቺካጎ የዲፖል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የሆኑት ላቮም ሮቢንሰንና ባልደረቦቻቸው ኮርሱን ለጥቁር ወጣቶች ሕይወት እንዲስማማ አድርገው እንደገና አዘጋጁት። 15 ክፍለ ጊዜ አለው። ልጆቹ በትንሽ ቡድን እዚያው ትምህርት ቤታቸው ይሰበሰባሉ። አመራሩ በሠለጠነ ሰው ነው።

እዚያ የሚሠራው ሞትን ማውራት አይደለም። በብዛት የሚሠራው ልምምድ ነው። ሲጨንቀኝ ሰውነቴ ምን ያደርጋል? የትኛው ሐሳብ ነው ወደ ታች የሚጎትተኝ? «ሁሉም ይጠላኛል» የሚለው ሐሳብ እውነት ነው ወይስ የዛሬው ንዴት ነው የሚናገረው? ሰውነትን እንዴት ማረጋጋት ይቻላል፤ ችግርን ቆራርሶ እንዴት መፍታት ይቻላል፤ ለማን መናገር ይቻላል? ለጥቁር ልጆች የተዘጋጀ የሚያደርገው ምሳሌዎቹና ጥያቄዎቹ ከእነሱ ሕይወት መውጣታቸው ነው። «አስተማሪው ንቆኛል» የሚልን ልጅ «አይ፣ አንተ ነህ እንዲህ ያሰብከው» ብሎ ማረም ሕክምና አይደለም። በእርግጥ ንቆት ሊሆን ይችላል። ጥሩ ቡድን መጀመሪያ ያምነዋል፤ ከዚያ «ይህ እውነት ሆኖ ሳለ አንተ እንዳትሰበር ምን እናድርግ?» ይለዋል። ዘረኝነት፣ የፖሊስ ፍርሃት፣ በሰፈር ያለ ጥቃት፣ የገንዘብ ችግር በሌላ ቦታ እንደ ሰበብ ይቆጠራሉ። እዚህ ግን የጭንቀቱ ምንጭ ተብለው በስማቸው ይጠራሉ።

ውጤቱስ? በ2016 የታተመው የላቮም ሮቢንሰንና የባልደረቦቻቸው ጥናት በቺካጎ አቅም ባነሳቸው ሰፈሮች 758 ተማሪዎችን መርምሮ ነው የተጀመረው። ብቁ የሆኑትን በዕጣ ከፈሏቸው፤ ገሚሱ ኮርሱን ወሰደ፣ ገሚሱ የተለመደውን ድጋፍ አገኘ። ኮርሱን በወሰዱት ላይ ራስን የማጥፋት ስጋት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር በ86 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጥናት ሁሉንም ነገር አይወስንም፤ የልጅሽ ትምህርት ቤትም ይህንኑ ኮርስ ይሰጣል ማለት አይደለም። መንገዱ ግን ተሞክሮ የሠራ ነው። ለጎረምሳ ደግሞ የእኩዮቹ ቃል ከእኛ ምክር ይልቅ ይገባዋል። እሱ ብቻውን የሚያስበው የመሰለውን ሐሳብ ከጎኑ የተቀመጠ ልጅ ሲናገረው ቢሰማ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ይጀምራል።

ስለ መባባስ ያነሳሽው ፍርሃት መልስ ይገባዋል። ራስን ማጥፋት በወጣቶች መካከል በወሬ ሊዛመት እንደሚችል ይታወቃል። ግን የሚያዛምተው ዝርዝሩ፣ አደራረጉ፣ ሟቹን ማግነኑ ነው፤ ይህ የሚፈሰው በስልካቸው ላይ እንጂ በደንብ በሚመራ ቡድን ውስጥ አይደለም። መሪው ዝርዝር እንዲወራ አይፈቅድም። አጣዳፊ ሁኔታ ላይ ያለ ልጅ ከቡድኑ ወጥቶ ለብቻው ይታያል። ይህን ካውንስለሯን በግልጽ ጠይቂያት። መሪው ምን ሥልጠና አለው? ስንት ልጆች ናቸው? ልጄ አደገኛ ነገር ከተናገረ ማን ይደውልልኛል? ከቡድኑ በተጨማሪ ለብቻው የሚያየው ቴራፒስት ያስፈልገዋል ወይ? የመጨረሻውን አትርሺ። ቡድን መከላከያ ነው። ዛሬ ማታ «አስቤበታለሁ» ካለሽ ቡድኑ ብቻውን አይበቃም፤ የራሱ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ፋይል ስላላችሁት፦ ትምህርት ቤት ውስጥ በቡድን መቀመጥ ልጁን በሽተኛ የሚል ማኅተም አይመታበትም። የተማሪ መዝገብን የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ከ1974 ጀምሮ አለ። በዚያ ሕግ ወላጅ የልጁን መዝገብ ማየት ይችላል፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር መዝገቡ ያለ ወላጅ ፈቃድ ለውጭ ሰው አይሰጥም። ምን ተጽፎ የት እንደሚቀመጥ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ልጆቹም ቡድን ውስጥ የተባለውን ይዘው እንዳይወጡ ቃል ይገባሉ። «ሰው ቢሰማስ?» ብለሻል። ከእናንተ ካልወጣ ከማን ይወጣል? ይህ የልጁ ምሥጢር ነው፤ ለአክስትም ለማኅበርም አይነገርም፣ ለጸሎት ተብሎም ቢሆን። አስፍታችሁ ብትናገሩና ቢሰማ ዳግመኛ አፉን አይከፍትላችሁም።

ጸበሉን አልቃወምም። ልጁ ፈቅዶ ከሄደ ይሂድ። እምነት፣ መዝሙር፣ የሚወደው ቄስ ለብዙ ልጆች መያዣ ናቸው። የምለምንሽ ጸበሉ የሕክምናው ምትክ እንዳይሆን ነው። የነፍስ አባታችሁ አስተዋይ ከሆኑ ባለቤትሽ እሳቸውን ያማክር፤ «ሐኪምም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው» የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው፤ ከአንቺ አፍ የማይቀበለውን ከእሳቸው ይቀበል ይሆናል። ልጁን በሰው ፊት አቁሞ «ጋኔን ነው» የሚል ሰው ጋ ግን አትውሰጂው። ያፈረ ልጅ የባሰ ይዘጋል።

ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሪ በክርክር አትጀምሪ። ተቆጥቷል፤ እኔ ግን ከቁጣው በታች የሚሰማኝ ድንጋጤ ነው። እዚህ አገር ድረስ ያመጣው ልጁ መኖር አልፈልግም ብሏል መባልን መስማት ለአባት ቀላል አይደለም። «ልጃችን እንዲህ ብሎ ጽፏል። እኔ ፈርቻለሁ። አንተስ?» በይው። ከልጁም ጋር እሱ ራሱ ቢያወራ ደስ ይለኛል። ብዙ ቃል አያስፈልገውም። መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው ቢሆን ይቀላል፤ ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ከማፍጠጥ ይልቅ እየተጓዙ ማውራት አይከብደውም። እሱም በዚህ አገር ሲናቅ ምን እንደተሰማው ይንገረው። ብዙ አባት ይህን ለልጁ ተናግሮ አያውቅም። ልጁ ደግሞ አባቱ ምንም የማይነካው ይመስለዋል።

ቡድኑን ሲጀምር «ምን አላችሁ? እነማን አሉ?» እያልሽ አትመርምሪው። የተማረውን ቤት ውስጥ እንዲሞክር ቦታ ስጪው። ተናድዶ «ትንሽ ልውጣና ልረጋጋ» ካለ ይውጣ፤ «ስናገርህ ጥለኸኝ ትሄዳለህ?» አትበዪው። ምናልባት የተማረው እሱን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቢያማርር ቶሎ አታስወጪው፤ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በኋላ ነው ልጆች መናገር የሚጀምሩት።

ነገ ጠዋት ካውንስለሯ ጋ ደውይና ጥያቄዎችሽን ጠይቂ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡልሽ ንገሪያቸው፤ ትምህርት ቤቱ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅሽ ግን አያስተርጉምልሽ፤ ታናሽ እህት ወይም ወንድም ካለውም እነሱም አያስተርጉሙ።